ለአናጢው የተፈቀደ ሾርባ

ሠራተኞቹ የወርክሾፑን የቆርቆሮ በር ገፋ ሲያደርጉ መጀመሪያ ዓይናቸው ያረፈው ደም በመሰለ ነገር ላይ ነበር። ከትልቁ የሥራ ጠረጴዛ ሥር ተነሥቶ፣ በሰጋቱራው መሐል ቀጭን መንገድ አበጅቶ፣ እስከ ኮላው ባልዲ ድረስ ወርዷል። መንገዱን በዓይናቸው ተከትለው ጎንበስ ሲሉ ዋናውን አናጢ አዩት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሁሉም ቀድሞ የሚገባው፣ በአንድ እጁ በር ተሸክሞ በሌላው ሻይ የሚጠጣው ያ ግዙፍ ሰውዬ፣ በጎኑ ተጋድሞ ዓይኑን አፍጥጦ ያያቸዋል። አልሞተም። መነሣት ግን አልቻለም። አንደኛው ብብቱን ይዞ ሊያነሣው ሲሞክር ያ ድምፀ ወፍራም ሰው እንደ ሕፃን ጮኸ።

«አትንኩኝ፤ ሥጋዬ ከአጥንቴ እየተላቀቀ ነው» አላቸው።

ከዚያ በኋላ ማንም ሊነካው አልደፈረም። ቆመው እርስ በርስ ተያዩ። ከመካከላቸው ትንሽ ልብ የቀረለት አንዱ ወጥቶ ለአምቡላንስም ለፖሊስም ደወለ።

*

መርማሪው ሲደርስ ሰውዬው ወደ ሆስፒታል ተወስዶ ነበር። ይህን መርማሪ በመሥሪያ ቤቱ «ድፍኑ» ይሉታል። አንድ ነገር ከሰማ ለገዛ ትራሱም አይነግርም ለማለት ነው። ስሙን ይወደዋል። ገና አዲስ ሳለ አንዲት እናት ብታሳዝነው ልጇ እንደተጠረጠረ ሹክ አላት፤ ልጁ በዚያው ቀን ድራሹ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ አፉን ለጉሞ ኖረ፤ ስንቱንም ያዘ።

ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ ያንን ጠቆር ያለ ቀይ ነገር በጥጥ ነካ አደረገው። አብራው የመጣችው ሳጅን ከትከሻው በላይ አሸተተች።

«አለቃ፣ ይሄ ደም አይደለም። ሽንት ነው።»

«ሽንት እንዲህ ይጠቁራል?»

«የኔ እስካሁን አልጠቆረም።»

አልሳቀም። ጥጡን በላስቲክ ከተተ። ምስማር ላይ የተሰቀለውን የአናጢውን ጃኬት አውርዶ ኪሱን ሲፈትሽ አንድ የእርሳስ ቁራጭ፣ አንድ ሜትርና ግማሹ የተበላ የኪኒን ቅጠል አገኘ። ሠራተኞቹ ጋሼ ሰሞኑን ደረቱን ጉንፋን ይዞት እንደነበረና የሳል መድኃኒት መሆኑን ነገሩት። መዝግቦ አስቀመጠው።

ሠራተኞቹ ደግሞ ሌላ የሚነግሩት ነበራቸው፤ መጀመሪያ አንዱ አንዱን በክርኑ ጎሸም እያደረገ፣ በኋላ ሁሉም ባንዴ። አናጢው ሸሪክ አለው። ቅጽል ስሙ «ሚሊሜትር» ነው፤ የሚበላውን ዳቦ እንኳ ለክቶ ይቆርሳል ይባላል። ከሁለት ሳምንት በፊት ሁለቱ ክፉኛ ተጣልተዋል። ሸሪኩ እንጨቱን ትተን የተጨመቀ ጣውላ እንሥራ ሲል አናጢው ካርቶን ሰፍቼ ወንበር ነው ብዬ ለሰው አልሰጥም አለው። ሸሪኩም በሩን ከኋላው ከማላተሙ በፊት የተናገረውን ሁሉም ሰምተውታል፤ «እንግዲያው ከዚያ ጠረጴዛህ ሥር ያንሡህ» ነበር ያለው።

መርማሪው ጠረጴዛውን አየ። ሳጅኗም አየችው።

«ሚስቱ ምንድን ነች የሸሪኩ?» ሲል ጠየቀ።

ነርስ ነች አሉት።

*

ወጣቱ ሐኪም ዓይኑ ቀልቷል፤ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን መስሚያ በእጁ ይዞ ያሻሸዋል። ለስንት ዓመት የተማረውን ነገር በዓይኑ ሲያየው ይህ የመጀመሪያው መሆኑን አልደበቀም።

ሽንቱን ያጠቆረው ጡንቻው ነው አለ። የሰውዬው ጡንቻ እየሟሟ ደሙ ውስጥ እየገባ ነው። ደሙ ያንን ሁሉ ፍርስራሽ ይዞ ኩላሊት ላይ ሲደርስ ወንፊት ላይ ሰጋቱራ የተደፋ ያህል ነው፤ ኩላሊቱ ይደፈናል። እንዲህ ያለው የሚታየው ግንብ ተንዶ የተጫነው ወይም ሌሊቱን ሙሉ የተደበደበ ሰው ላይ ነው። የአናጢው ገላ ላይ ግን የጥፍር ጭረት እንኳ የለም። አገላብጠው አይተውታል።

«ስለዚህ የቀረው የገባበት ነገር ነው» አለ ሐኪሙ። «አፉ የገባ ማለቴ ነው።»

«መርዝ?»

ሐኪሙ የቆየ ፋይል ከፈተ። ከዓመት በፊት አናጢው እዚሁ ሆስፒታል ተመርምሮ የደሙ ኮሌስትሮል ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ በየቀኑ ማታ ማታ የሚወስደው ኪኒን ታዘዘለት። ከሁለት ወር በኋላ ጭኑንና ትከሻውን እያመመው መጣና ኪኒኑን ማቆሙን ተናገረ። የዚያን ጊዜው ሐኪም ሌላ ዓይነት ሊሞክሩለት ቀጠሮ ቢሰጡትም አልተመለሰም። ኪኒኑ ደግ ኪኒን ነው አለ ሐኪሙ፤ ስንቱን ከልብ ድካም ከጭንቅላት የደም ሥር መዘጋት አድኖታል፤ ጡንቻ እስከማሟሟት የሚደርሰው ከስንት ሺህ ሰው አንዱ ላይ ነው። ዛሬ ጠዋት አልጋው አጠገብ ቆሞ የሚወስደው መድኃኒት እንዳለ ጠይቆት ነበር። አናጢው ያንን ነገር ሽንት ቤት ደፍቼ ውኃ ለቅቄበታለሁ አለ። ባለቤቱም አጠገቡ ቆማ ብርድ ልብሱን እያስተካከለች አንገቷን ነቀነቀች።

«ደሙን ወደ ትልቁ ላቦራቶሪ ልኬዋለሁ። ውጤቱ ከነገ ወዲያ ይደርሳል። እኔ ግን አሁኑኑ ባለቤቱንና ልጁን ለብቻ ጠርቼ የመድኃኒቱን ስም ልንገራቸውና ቤት ውስጥ እንዲፈልጉ ላድርግ እያልኩ ነው።»

«አይሆንም» አለ መርማሪው።

«ለምን?»

«አንድ ሰው ሆነ ብሎ እየሰጠው ከሆነ ስሙን በጠራን ማግሥት ኪኒኑም ሰውዬውም አይገኙም። ወሬ ክንፍ አለው። ሚስት ለጎረቤት፣ ጎረቤት ለሸሪኩ ሚስት። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ በእኔና በእርስዎ መሐል ይቅር።»

ሐኪሙ ፋይሉን ዘጋ፤ መልሶ ከፈተው። በመጨረሻ ሁለት ቀን እሰጥዎታለሁ አለ፤ ደስ ብሎት ግን አልነበረም። ሳጅኗ ኮሪደር ላይ ሲወጡ፣ «ለሚስትየው ብቻ እንኳ ብንነግራት ምን ነበረበት? የቤቱን ጓዳ የምታውቀው እሷ ነች» ስትል ሞከረች። ገና ነው አላት።

ባለቤቱ ኮሪደሩ ጥግ ቆማለች፤ የሾርባ ፔርሙዟን እንደ ልጅ አቅፋዋለች። የሆስፒታሉን ጨው አልባ ምግብ አፉን ዘግቶ እምቢ እንዳለ፣ የእጇን ካልሆነ እንደማይበላ እየተለማመጠች ለመርማሪው ነገረችው። ልጃቸው፣ የሒሳብ አስተማሪዋ፣ ደግሞ ማታ ማታ እርጎ ልታመጣለት ትፈልጋለች፤ ጠባቂው ግን አላስገባም ብሏል።

መርማሪው አናጢው እንዲበረታ ይፈልጋል፤ የሚናገር ምስክር ያስፈልገዋል። ወረቀት አወጣና ቆሞ ጻፈ። ከባለቤቱና ከልጁ በቀር ማንም እንዳይገባ፤ ከሁለቱ እጅ በቀር ምንም እንዳይቀምስ። ፈረመበት። ማኅተሙን በትንፋሹ አሙቆ አተመበት። ባለቤቱ እግዜር ይስጥልኝ ብላ ጎንበስ አለችለት።

*

በማግሥቱ ጠዋት ኪኒን ቅጠሉ ላይ በተለጠፈው ትንሽ ወረቀት ተመርተው መድኃኒት ቤቱን አገኙት፤ ከወርክሾፑ ሁለት መንገድ ማዶ ነው። ባለሙያዋ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ጠና ያለች ሴት ነች። ቅጠሉን አየችና ወዲያው አስታወሰች።

«ትልቅየው ሰውዬ። በሬን ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። የደረት ኢንፌክሽን ነበረው፤ ማዘዣውን ይዞ መጣ፣ ሰጠሁት።»

«ምንም አላሉትም?»

«እንዴት ምንም አልለውም? ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ምንም አለኝ። የኮሌስትሮል ኪኒንስ ብዬ ደገምኩለት፤ ከዚህ ጋር የሚጣላው እሱ ስለሆነ። ሳቀብኝ። ‘እሱን ከጣልኩት ዓመት ሊሞላኝ ነው’ አለኝ። ዓይኔን እያየ ነው የነገረኝ፤ የሚዋሽ ሰው እንዲያ አያይም።»

መርማሪው የሚጣላው እንዴት እንደሆነ እንድታስረዳው ጠየቃት። ባንኮኒው ላይ በጣቷ ሥዕል ትሥል ጀመር። ኮሌስትሮል ስብ መሰል ነገር ነው፤ ጥቂቱን ከምግብ እናገኘዋለን፣ የሚበዛውን ግን ጉበት ራሱ ይሠራዋል። ኪኒኑ ጉበት ውስጥ ያንን የሚሠራውን ሠራተኛ እጁን ይይዘዋል። ጉበቱ ጎደለብኝ ብሎ ከደም ውስጥ መሳብ ይጀምራል፤ ደሙ ይጠራል፣ የደም ሥሩ አይዘጋም። ኪኒኑ ሥራውን ሲጨርስ ያው ጉበት ሰባብሮ በጓሮ በር ያስወጣዋል። ያ የደረት መድኃኒት የሚያደርገው ያንን የጓሮ በር መዝጋት ነው። ኪኒኑ በየቀኑ ይገባል፣ አይወጣም። ይከማቻል። የዛሬው በትናንቱ ላይ፣ የነገው በዛሬው ላይ። ከዚያ ጡንቻ ላይ ይወርዳል።

ጣቷን ከባንኮኒው አነሣች።

«ኪኒኑን ካልወሰደ ግን የኔ መድኃኒት ብቻውን ምንም አያደርገውም» አለች። «ለምን ነው የሚጠይቁኝ? ሰውዬው ደኅና ነው?»

መርማሪው አመስግኗት ወጣ። ሳጅኗ መኪና ውስጥ ዞራ ስታየው ፊቱ ተለውጧል። አናጢው እውነቱን ነው የተናገረው። አልወሰደም። ሌላ ሰው ነው ደብቆ የሰጠው።

*

ሸሪኩ ከሰዓት በኋላ በራሱ እግር ጣቢያ መጣ። ቀጭን ነው፤ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ሦስት እርሳስ እንደ ሰልፍ ወታደር ቆመዋል። ስምንት ቀን እንጨት ሊገዛ ሩቅ መሰንጠቂያ ቤት እንደነበረና ወሬውን መኪና ላይ እንደሰማ ተናገረ። ቲኬቱን አወጣ። የመሰንጠቂያ ቤቱ ባለቤት በስልክ አረጋገጠ፤ አብረው በልተው አብረው እያደሩ ስምንት ቀን ሙሉ ስለ ጣውላ ውፍረት እንዳሰለቸው ጭምር።

ስድቡንስ? አዎ ብሏል። ሸሪኩ አልካደም። ዓይኑ ውኃ ሞልቶ፣ ሠላሳ ዓመት አብረን ስንሠራ እሱ በየሳምንቱ ገደል ግባ ይለኛል፣ አንድ ቀን ገብቼ አላውቅም አለ። ከዚያ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሲገልጠው ስለ ሌላ ነገር ነበር የሚናገረው። ባልንጀራው ደረጃ መውጣት ካቃተው ወር አልፎታል። የወንድሙ ሞት ነው የጎዳው ይላል፤ ባለፈው ክረምት የአናጢው ታላቅ ወንድም ሶፋ ላይ ዜና እያየ ልቡ ቀጥ ብሎ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ የቤቱ ሰዎች አናጢውን እንደ እንቁላል ነው የያዙት።

«በሕይወቱ ሾርባ ወዶ የማያውቅ ሰውዬ ምሳውን በሾርባ፣ እራቱን በእርጎ ሆነ። ‘አንድ ማንኪያ ካስተረፍኩ ያለቅሳሉ’ ይለኝ ነበር። ጥርስህን አወለቁት እንዴ እያልኩ እስቅበት ነበር።»

መርማሪው ይህንንም ጻፈው። ከጻፈው በታች መስመር አሠመረበት፤ ለምን እንዳሠመረ ግን ገና ለራሱም አልነገረውም። የሸሪኩ ሚስት ነርሷ ነበረች በአእምሮው የቆመችው፤ የእሷን ስምንት ቀን ሲቆጥር ዋለ። ለካስ ጥርጣሬ ሲፈልግ ዓይንን ይዞ ወደፈለገበት ይዞራል።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ሐኪሙ ደወለ። ድምፁ ተቀይሯል። አናጢው የኩላሊት እጥበት ሁለት ጊዜ ተደርጎለታል። ሆስፒታል ከገባ ወዲህ የሚመርዘው ነገር ስለቆመ የጡንቻው መፍረስ መቀነስ ነበረበት። አልቀነሰም።

«ጨምሯል» አለ። «አልገባኝም። ጋሼ፣ እባክዎ ልንገራቸው።»

መርማሪው የስልኩን ገመድ በጣቱ ላይ ጠመጠመው። ከጠባቂው መዝገብ ላይ ከሁለቱ ሴቶች በቀር የገባ ሰው አልነበረም። ነገ ጠዋት ውጤቱ ይምጣ አለ።

*

ውጤቱ ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። የኮሌስትሮሉ መድኃኒት አናጢው ደም ውስጥ ሞልቶ ተገኝቷል፤ ላቦራቶሪው ስህተት መስሎት ሁለት ጊዜ ደግሞ ለክቶታል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሳጅኗ ከሆስፒታሉ መድኃኒት ክፍል አንድ ካርድ ይዛ ገባች። ጠረጴዛው ላይ ሳታስቀምጥ በእጇ ዘረጋችለት። አናጢው ደፋሁት ያለው መድኃኒት ካለፈው ክረምት ጀምሮ በየወሩ ወጥቷል። የወሰደ ሰው በሚለው ረድፍ ላይ ያው ፊርማ ተደርድሯል። ባለቤት፣ ባለቤት፣ ባለቤት።

መኪናውን ወደ ሆስፒታል አበረሩት።

የክፍሉን በር ከፍቶ ሲገባ ሴትየዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የመጨረሻውን ማንኪያ ከሳህኑ ሥር እየቃረመች ነበር። አናጢው ዓይኑን ጨፍኗል። ፊቱ አብጧል፤ ከንፈሩ ግን ማንኪያው ሲቀርብ እንደ ወፍ ጫጩት ተከፈተ። መርማሪው እጇን ከአየር ላይ ያዘው።

ኮሪደር ላይ አወጣት። ሳህኑን ሳጅኗ ተቀበለቻት። ከሥሩ የቀረው ሾርባ ውስጥ ሮዝ የሆነ ዱቄት ይታያል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ሴትየዋ ሳህኑን አየች፤ ከዚያ በጎን የበሩን ክፍተት አየች፤ ባሏ እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«መድኃኒቱን ነዋ። የኮሌስትሮሉን።»

«ማን ስጪው አለሽ?»

«ሐኪም ነዋ ያዘዘለት። እሱ እምቢ ብሎ ሲደፋው ምን ላድርግ? ወንድሙን እኮ ሶፋ ላይ ነው ያነሣነው፤ እጄ ላይ ነው የቀዘቀዘው። እሱም እንዲያ እንዳይሆንብኝ በሙቀጫ እየወቀጥኩ በሾርባው ሰጠሁት። አደራ እንዳትነግሩት፤ ካወቀ ዕድሜ ልኩን የኔን እጅ አይቀምስም።»

መርማሪው አጭበርባሪ ፊት ብዙ አይቷል። ይህ ፊት ከእነዚያ አንዱ አልነበረም።

«እዚህም ሰጠሽው?»

«እዚህማ ሁለት አደረግኩለት» አለች። «ሲብስበት ጊዜ በሽታው በርትቶበት ነው ብዬ።»

ከኋላቸው አንድ ነገር ወድቆ ተንከባለለ። ክዳን ያለው የላስቲክ ዕቃ ነበር፤ ነጭ እርጎ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ልጅቷ፣ አስተማሪዋ፣ ግድግዳውን ይዛ ቆማለች። ያን ዕለት ክፍለ ጊዜዋን አስፈቅዳ ቀድማ መጥታ ኖሯል።

«እማዬ» አለች። «አንቺም?»

*

ልጅቷ የተናገረችውን ሳጅኗ ናት የጻፈችው። አጎቷ የሞተ ሰሞን አባቷ መድኃኒቱን ማቆሙን ሰማች። የድሮውን ማዘዣ ከመሳቢያ አውጥታ፣ ትምህርት ቤቷ አጠገብ ካለ መድኃኒት ቤት ገዛች። የሌላ ፋብሪካ ሥራ ነው፤ ስሙ ሌላ፣ ቀለሙ ነጭ። ማታ ማታ በእርጎ ውስጥ እየበጠበጠች ስትሰጠው እናቷ አጠገቧ ሆና ጓዳውን ስታጸዳ ነበር። ለእናቷ አልነገረቻትም፤ እናቷ ለአባቷ የምትደብቀው ነገር ያለ አልመሰላትም ነበር። እናትም ለልጅ አልነገረችም፤ ልጅ ምስጢር አትችልም ብላ።

ሐኪሙ ሮዙንም ነጩንም ፓኬት ጎን ለጎን አስቀምጦ አነበበ። ስማቸው ሁለት ነው። ውስጣቸው ያለው አንድ ነው። መቀመጫ ፈልጎ ተቀመጠ።

አንዱን እንኳ ጡንቻው አልችል ያለውን መድኃኒት በእጥፍ ሲወስድ ከርሟል ማለት ነው፤ ሳያውቅ። እግሩ ደከመው፣ ደረጃ አቃተው፣ ያም ሆኖ ቆሞ ነበር። ከዚያ ደረቱን ታመመና መድኃኒት ሊገዛ ሄደ፤ ባለሙያዋ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቀችው፤ እሱም ከልቡ የለም አላት። የጓሮው በር ተዘጋ።

«እዚህ ሲገባ ግን ገና ነበር» አለ ሐኪሙ። መርማሪውን አላየውም፤ ፓኬቶቹን ነበር የሚያየው። «ያን ቀን ብናቆመው ኖሮ...»

አልጨረሰውም። ሳጅኗ ጠባቂው ጠረጴዛ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ሄዳ ላጠችው፤ ማኅተም ያለበትን፤ ከሁለቱ እጅ በቀር ምንም እንዳይቀምስ የሚለውን። አጥፋ መርማሪው ኪስ ውስጥ ከተተችለት።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከፈረሰው ጡንቻ የወጣው ፖታሲየም የሚባል ጨው የአናጢውን ልብ አቆመው። ሁለት ሴቶች ከልብ ድካም ሊያድኑት ዓመት ሊሞላቸው ሲደክሙ ኖረው፣ ሰውዬው በልቡ ሞተ።

*

መርማሪውን ልጅቷ ደረጃው ላይ ነው ያገኘችው። አላለቀሰችም፤ እንደ ሒሳብ ጥያቄ ነበር የምትናገረው።

«የእማዬ የሐኪም ትእዛዝ ነበረው። የኔ በአሮጌ ማዘዣ የተገዛ ነው። የገደለው የኔ ነው በሏት። የሷ ብቻውን ምንም አያደርገውም ነበር በሏት። እሷ ይህን ይዛ መኖር አትችልም፤ እኔ እችላለሁ።»

መርማሪው አልፏት ወደ ታች ወረደ። እናትየው ነርሶች ሻይ በሚጠጡባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣለች። ገባና ቆመ።

«እርስዎ ሰው ነዎት፤ ልጅ ይኖርዎታል» አለችው። «አንድ ነገር ያድርጉልኝ። እርጎው ምንም አላደረገውም በሏት። የእናትሽ ሾርባ ነው በሏት። እኔ አርጅቻለሁ፤ እሷ ገና ልትኖር ነው። ምስጢር እንደሚችሉ ያቺ ፖሊስ ነግራኛለች።»

ዕድሜውን ሙሉ እንደ ሜዳልያ የለበሰው ነገር ነበር። አሁን ደረቱ ላይ ከበደው። ለሁለቱም እሺ ማለት ይችላል። ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ አንድ አንድ ውሸት ሰጥቶ፣ ፋይሉን ዘግቶ፣ ወደ ቤቱ መሄድ ይችላል። የራሱን ድርሻ ደግሞ ከሐኪሙና ከሳጅኗ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ሁለቱም አይናገሩም። እነዚህ ሁለት ሴቶች ግን እንደገና በአንድ ጓዳ ውስጥ፣ አንዷ ከአንዷ ደብቃ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየወሰዱት ሊኖሩ ነው። ሁለቱም ያንኑ ነገር፣ በሁለት ስም።

በሩን ከፍቶ ልጅቷን ከደረጃው ላይ ጠራት። ገባች። እናቷን ስታይ ልትመለስ አለች፤ ቆሞባት ነበርና አልቻለችም። ተቀመጠች። የተቀመጠችበት ወንበር አንድ እግሩ አጥሮ ተንገዳገደ።

«ይሄን አባትሽ ቢያየው» አለች እናትየው፣ ከልማድ። ከዚያ የተናገረችው ገባትና አፏን ያዘች።

መርማሪው ከኪሱ ያንን ባለማኅተም ወረቀት አወጣ። ዘርግቶ ጠረጴዛው ላይ በሁለቱ መሐል አስቀመጠው። ሦስተኛ ወንበር ስቦ፣ ከእነሱ እኩል ዝቅ ብሎ ተቀመጠ።

«ሁለታችሁም የነገራችሁኝን እዚሁ አንዳችሁ ለአንዳችሁ ትናገራላችሁ» አለ። «መጀመሪያ ግን ከራሴ ልጀምር። በገባ ቀን ሐኪሙ የመድኃኒቱን ስም ሊነግራችሁ ነበር። ብትሰሙ ያኔውኑ ታቆሙ ነበር። አይሆንም ያልኩት እኔ ነኝ።»

የእናትየው እጅ ጠረጴዛው ላይ ዳበስ ዳበስ እያለ፣ ወረቀቱን አልፎ፣ ልጇን ፍለጋ ሄደ። የልጅቷ እጅ መንገድ ላይ ተቀበለው። እሱን አንዳቸውም አላዩትም። እሱም መናገሩን አላቆመም።